የሴሩዋያ ሙቀጫ

ልጅ ሳለሁ ከቤታችን ወለል ስር ተኝቼ የሰማሁት ወሬ አለ። ቤቱ በእንጨት ቋሚዎች ላይ ከፍ ብሎ የተሠራ ስለነበር ከስሩ ያለው አፈር ቀን ቀን ቀዝቃዛ ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ እኔና ውሻው እዚያ እንገባለን። ከላይ አያቴና እናቴ ሰሌን እየታቱ ያወራሉ፤ ድምፃቸው በጣውላዎቹ ክፍተት ቁልጭ ብሎ ይወርዳል። አያቴ፣ "ልጅቷ አድጋለች፤ ከእንግዲህ ከወንድሟ ጋር ፊት ለፊት አታወራም" አለች። እናቴ፣ "ደህና መሆኗን በምን ያውቃል ታዲያ?" ብላ ጠየቀች። አያቴ የመለሰችውን ግን በትክክል አላስታውሰውም። ስለ እጅ የሆነ ነገር ነበር። "እጇ" ያለች ይመስለኛል፣ ወይም "ከእጇ"፤ ወዲያው ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ በረታና የቀረውን ይዞት ሄደ። አርባ ዓመት ሙሉ ያንን ንግግር በልቤ ስጨርሰው ኖሬአለሁ፤ አንዳንዴ እንዲህ፣ አንዳንዴ እንዲያ እያደረግሁ።

ልጅቷ ሴሩዋያ ናት፣ ታናሽ እህቴ። እኛ ከኮረብታው ነን፣ ከዋይኒማላ ወንዝ ዳር። በእኛ ዘንድ ወንድምና እህት ካደጉ በኋላ ቃል አይለዋወጡም፤ ጠብ ኖሮ አይደለም፣ ክብር ነው። ሱቫ ከተማ ከገቡት ውስጥ ብዙዎቹ ትተውታል። እኔና ሴሩዋያ ግን አልተውነውም፤ ማንም አላስገደደንም፣ ዝም ብሎ ከእኛ ጋር ኖረ። መልእክት ካለ በባሏ በኢኖኬ በኩል ይሄዳል። ኢኖኬ ደግሞ ታቫሌዬ ነው፤ የእህት ባል እንዲህ ይባላል፣ ከታቫሌ ጋር መሰዳደብ ወግ ነው፣ መከባበር ነውር። እንግዲህ በዚያ ቤት ውስጥ ቃል የማልናገራት አንዲት ሰው አለች፣ ደህና ቃል የማልናገረው አንድ ሰው አለ።

ሴሩዋያ የምትኖረው ራይዋንጋ ሰፈር ዳገቱ ላይ ነው። ያንጎና የሚባል፣ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ ሥር ወቅጣ ትሸጣለች። ሥሩን ካዳቩ ደሴት ድረስ ሄዶ የሚያመጣው ኢኖኬ ነው፤ እሷ በብረት ሙቀጫ ትወቅጠዋለች፣ ትነፋዋለች፣ በትንንሽ ላስቲክ አስራ ባለ አምስት ዶላር እያደረገች በመስኮቷ ትሸጠዋለች። ሰፈርተኛው ከሥራ ሲመለስ ይወስድና ማታ በጣሳ በጥብጦ ይጠጣዋል። ሙቀጫው ሥር ሲኖርበት ድምፁ የታፈነ ነው፤ ከሩቅ ሰው ደረቱን የሚመታ ይመስላል። በዘነዘናው ጠርዙን ከነኩት ግን እንደ ደወል ይጮኻል። እኔ በየቀኑ ወደ ሥራ የምሄድበት አውቶቡስ ሁለት ሰዓት ከአስር ላይ ከቤቷ ስር ባለው ጠመዝማዛ ይዞራል። መስታወት የለውም፣ ሸራው ወደ ላይ ተጠቅልሏል፣ ሹፌሩ ሙዚቃውን እስከ ጥግ ከፍቶታል። ልክ ሲዞር ከላይ የጠርዙ ድምፅ ይመጣል። ወቀጣዋን ጨርሳ ዘነዘናውን የምታራግፍበት ሰዓት ነው ብዬ አስብ ነበር። ለእኔ ነው ወይ ብዬ ጠይቄ አላውቅም፤ ማንን እጠይቃለሁ? ብቻ ስሰማው እጄን የአውቶቡሱ ብረት ላይ አሳርፍና ለእሷ አጭር ጸሎት አደርሳለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ማክሰኞ ድምፁ ቀረ። ቢሮ እንደደረስኩ ለባለቤቴ ለማኬሬታ ደወልኩላት፤ ሄዳ ብታንኳኳ መልስ የለም፣ ጎረቤት ጠርታ በሩን አስገፋች። ሴሩዋያ በወባ መሰል ትኩሳት ነዳ ወለሉ ላይ ተኝታ አገኘቻት። ከዚያ ወዲህ ከእሑድ በቀር ድምፁ ቀርቶ አያውቅም።

ክሱ በመጣበት ሐሙስም ሰምቼው፣ ጸልዬ፣ ተደስቼ ነው ቢሮ የገባሁት። ሥራዬ በማዘጋጃ ቤት ድምፅ መለካት ነው። ሰው ስለ ድምፅ አቤት ሲል መለኪያውን በትከሻዬ አንግቤ እሄዳለሁ፤ ቁጥሩን እጽፋለሁ፤ ከገደቡ ካለፈ ማስጠንቀቂያ እሰጣለሁ። ይህን ሥራ ያስተማረኝ የለም። መጀመሪያ የሣር ማጨጃ ሠራተኛ ነበርኩ፤ መለኪያው ሲመጣ መመሪያውን የሚያነብ ሰው ጠፋ፣ እኔ ወስጄ አነበብኩት። አለቃዬ ጎውንደር ቤተ ክርስቲያን ስለማዘወትር "ፓስተር" ይለኛል። የዚያን ቀን ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ወረቀት አስቀመጠና ሻዩን ይዞ ቆመ።

"ፓስተር፣ ይቺ ነርስ አቤት ስትል ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ዛሬ መልስ ካላገኘች ወደ ላይ ትሄዳለች። ራይዋንጋ፣ ያንጎና ወቃጭ።"

አድራሻውን አየሁት። ስሙንም አየሁት። ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን ሳይ ጎውንደር ገባው።

"የምታውቃት ናት?"

"እህቴ ናት።"

ሻዩን አስቀመጠ። ጎውንደር እዚሁ የተወለደ ሰው ነው፤ ወጋችንን ያውቃል። ማስጠንቀቂያ ደግሞ በመመሪያችን መሠረት በበር ስር አይወረወርም፤ ለተከሳሹ ፊት ለፊት ተነቦ፣ ተብራርቶ፣ ይፈረማል። ካልተፈረመ ዕቃው ይጫናል። "ራታንን ልላከዋ" አለ። ራታን ፈጣን ሠራተኛ ነው። ባለፈው ወር የአንድ ማኅበር ድምፅ ማጉያ ስብሰባው ሳያልቅ ነቅሎ ጭኗል። ሙቀጫው ቢሮአችን ጓሮ ከተወረሱት ማጉያዎች ጋር ዝናብ ሲመታው ታየኝ። ያ ሙቀጫ የእህቴ እንጀራ ነው፤ ለእኔም በየጠዋቱ ከእሷ የሚደርሰኝ እሱ ብቻ ነው። "እኔ እሄዳለሁ" አልኩ። ጎውንደር፣ "ሄደህስ? በቃል ፈንታ ልታጨበጭብላት ነው?" አለና ሳቀ፤ ግን የመኪናውን ቁልፍ ሰጠኝ።

ከመነሳቴ በፊት ኢኖኬ ጋ ደወልኩ። ካዳቩ ነው፣ ተራራ ላይ፤ መርከቡ ዓርብ ነው የሚመጣው።

"ማነው ይኼ ከርከሮ?" አለ።

"የከርከሮ ሰብሳቢ ነኝ። ሚስትህ ተከስሳለች። ለእሷ የምነግርህ ነገር አለ፣ ደውልላት።"

"ስልኳ ሙቀጫ ውስጥ ወድቆ ተወቅጧል። ለደንበኛ ሸጣው እንደሁ እንጃ።" ከት ብሎ ሳቀ። "ታቫሌ፣ ሙቀጫውን ውሰደው ባክህ፣ እኔም ጠዋት ጠዋት ልተኛ። ግን ራስህ ንገራት። አንድ ቀን እንኳን ሰው ሁን።" ከዚያ መስመሩ ተቆረጠ፤ ኢኖኬ እኔ ላይ የመጨረሻውን ቃል ከተናገረ በኋላ መስመሩ ሁልጊዜ ይቆረጣል።

አቤት ባይዋ ሲስተር ፕራቲማ ትባላለች። ከአራት ወር በፊት ነው ከእህቴ ጎን ያለውን ቤት የተከራየችው፤ ማታ ማታ ሆስፒታል ትሠራለች፣ ጠዋት ገብታ ትተኛለች። በሩን የከፈተችልኝ የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ ነው። ዐይኗ ቀልቷል። ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ገባሁ። አንድ ክፍል ነው፤ መስኮቱ ላይ ሁለት ብርድ ልብስ ተደራርቦ በሚስማር ተመቷል፣ ማራገቢያው ጣራው ላይ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ጥግ ላይ ካለች ትንሽ መደርደሪያ ላይ የአምላኳ ሥዕልና አንድ ቀይ አበባ አለ። አልጋው ሳይነካ ተነጥፏል። ሻይ ልታፈላ ስትል "ይቅር፣ ደክሞሻል" ብላት እምቢ አለች። "እንግዳ ነዎት ሞሞ" አለችኝ። ሞሞ አጎት ማለት ነው፤ እዚህ ታናናሾቻችን እንዲህ ነው የሚጠሩን።

መለኪያውን አልጋዋ አጠገብ አቁሜ ሩብ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። ከአጥሩ ማዶ ወቀጣው ይሰማል፤ የታፈነ፣ እኩል፣ የማይቸኩል። ቁጥሩ ከሃምሳ ስምንት እስከ ስልሳ አንድ ዴሲቤል ነው። የቀኑ ገደብ ከዚያ በላይ ነው። እፎይ አልኩ፣ ወዲያውም አፈርኩ፤ ፊት ለፊቴ ያለችው ሴት ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቁጭ እንዳለች ዐይኗ ይከደናል፣ አንድ ምት ሲመጣ ደግሞ ይገለጣል። ቁጥሩ ውስጥ ያ የለም።

"በወረቀቱ መሠረት ጥፋት የለባትም" አልኳት።

"ይኼን አይደለም የጻፍኩት" አለች። "ይኼንንስ ለመድኩት፣ እንደ ዝናብ ነው። የጠዋቱ ነው የሚገድለኝ። ልክ እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል ሰው የምትጠራ ይመስል ብረቱን ትቀጠቅጠዋለች። ቀርጬዋለሁ፣ ይስሙ።"

ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አደረገች። መጀመሪያ ዝምታ ነበር፣ ከዚያ ዶሮ፣ ከዚያ ሩቅ ሙዚቃ። ሙዚቃው እየቀረበ መጣ፤ ከስሩ የሞተር ድምፅ አለ፣ ዳገት ላይ ማርሽ የሚቀይር። ፍሬኑ ሲይዝ ሁለት ጊዜ ሲጥ ይላል፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይረዝማል። ወዲያው ብረቱ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እስከ አሥር ቆጠርኩ። አውቶቡሱ ሲርቅ ምቱ ቆመ፣ ከዚያ በኋላ ዶሮው ብቻ ቀረ። ያን ፍሬን ሰባት ዓመት ተቀምጬበታለሁ። መለኪያውን አጥፍቼ በጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት። ድምፅ ፍለጋ ስንት ቤት ገብቻለሁ፤ የድምፁን ምክንያት ራሴን አግኝቼ ግን አላውቅም።

"ሲስተር" አልኳት፣ "ይኼ አውቶቡስ የእኔ ነው።"

"ምን ማለት ነው የእኔ?"

"ውስጡ ነኝ። ያቺ ሴት እህቴ ናት።"

"ታዲያ ሄደው ይንገሯታ፣ አጥሩ እኮ እዚህ ነው" አለች። ከዚያ ራሷ አስታወሰች፤ አብረዋት የሚሠሩ የእኛ ኮረብታ ልጆች አሉ፤ እጇን አፏ ላይ አደረገች። "አይነጋገሩም።"

"አንነጋገርም።"

"እና ማን ሊነግራት ነው?"

ደጁ ላይ ጫማዬን ሳስር ጸለይኩ። አፍ ስጠኝ አላልኩም፤ የሌላ ሰው አፍ ስጠኝ አልኩ። ቀና ስል ሲስተር ፕራቲማ ሻሿን አስራ ከኋላዬ ቆማለች። "እንሂድ" አለች። "የራሴን ክስ ራሴ ላደርስ ነው እንግዲህ።"

ሴሩዋያ ጓሮ ካለው የቆርቆሮ ጥላ ስር ሰሌን ላይ ተቀምጣለች፤ ሙቀጫው በእግሮቿ መሃል ነው። እኔን ስታይ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። እኔም ጀርባዬን ሰጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፤ ከፊቴ አንድ የዳቦ ፍሬ ዛፍ አለ፣ እሱን አያለሁ። በመካከላችን ሁለት ክንድ ብትሆን ነው። ፕራቲማ እዚያ መሃል ቆመች።

"ሞሞ፣ አሁን እኔ ምን ልበል?"

"ለቤቱ ባለቤት የማዘጋጃ ቤት ሰው መጥቷል በይልኝ።"

"ሰምተዋል እኮ፣ እዚሁ ናቸው።"

"እኔ የሰማሁት የለም" አለች ሴሩዋያ። "ሲስተር፣ ሰውየው ምን አለ?"

ፕራቲማ ተነፈሰች። "የማዘጋጃ ቤት ሰው መጥቷል ይላሉ፣ ኔይ ሴሩ።" ኔይ ደግሞ አክስት ማለት ነው።

"ሰውየው በልቷል ወይ በይው።"

"በልተዋል ወይ?"

"አልበላሁም።"

"አልበላም ይላሉ።"

"ከስቷል መሰለኝ። ሚስቱ ምን እንደምታበላው እንጃ። ወረቀቱ ከምግብ በኋላ ይነበባል በይው።"

ካሳቫ በኮኮናት ወተት ከተሠራ ዓሣ ጋር መጣ፤ ሳህኑን ለፕራቲማ ሰጠቻት፣ ፕራቲማ ለእኔ። ለእሷም ተሰጣት፣ ቁጭ ብላ በላች። የእህቴን ምግብ የምበላው በገናና በቀብር ብቻ ነው፤ ዓሣው ላይ የምትጨምረው ሎሚ የእናታችን ልክ ነበር። እውነቱን ለመናገር ለዚያ ያህል ጊዜ ለምን እንደመጣሁ ረስቼዋለሁ። እጄን ታጥቤ ወረቀቱን ለፕራቲማ ሰጠኋት፤ ለእህቴ ማንበብ ስለማልችል አንባቢዋ እሷ ሆነች። ጮክ ብላ ጀመረች፤ የቤት ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

"'ጎረቤቴ ሆን ብላ እንቅልፍ ልትነሳኝ...' ይኼን ልዝለለው?"

"አትዝለይው" አለች ሴሩዋያ።

"'...እንቅልፍ ልትነሳኝ በየጠዋቱ ብረት ትደበድባለች። ለሰው የማታስብ ሴት ናት።'" ወረቀቱን አጠፈችው። "ተናድጄ ነው የጻፍኩት፣ ኔይ።"

"የማንጎውን ሳህን ስትመልሺልኝ ለምን አልነገርሽኝም? አጥሩ ላይ ብቅ ብለሽ 'ሴሩ ዝም በይ' ብትይኝ ምን ነበረበት?"

"ማንጎ እየላኩልኝ እንዴት ልበል? አፈርኩ። ለማያውቀኝ ሰው መጻፍ ቀለለኝ።" ወደ እኔ ጠቆመች። "የማያውቀኝ ሰውም እነሆ።"

ሴሩዋያ ዘነዘናውን ሰሌኑ ላይ አስተኛችው። ወቀጣው ከቆመ ወዲህ ሰፈሩ እንዴት ሰፊ እንደሆነ ያን ጊዜ ሰማሁ። "ስምንት ሰዓት ብትነቂ ይበቃሻል?" አለች። "ዘጠኝ ይሁንልሽ። ደንበኞቼ የሚመጡት አመሻሽ ላይ ነው፤ ከዘጠኝ በኋላ ብወቅጥ ይደርሳል። ጠዋት ጠዋት ማጠብና ማስጣት እችላለሁ። እሱ ቀላል ነው። የሁለት ሰዓት ከአስሩን ግን አልተውም።"

"እሱን እኮ ነው ያልኩት።"

"እሱ ወቀጣ አይደለም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

የዳቦ ፍሬውን ዛፍ ቅጠል በቅጠል እያየሁት ነበር። ሴሩዋያ ስትናገር ለፕራቲማ ነበር የምትናገረው፤ እኔ እዚያ አልነበርኩም።

"በዚያ ሰዓት የሚያልፍ አውቶቡስ አለ። አንድ ሰው አለበት። ደህና መሆኔን ካልሰማ ቀኑን ሙሉ ሥራ አይሠራም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ጭንቀታም ነው። አንድ ቀን ዝም ብል ሚስቱን ልኮ በሬን አስሰበረ። ያን ቀን ባይልክ ዛሬ እዚህ አልነበርኩም። እና እመታለታለሁ።"

ፕራቲማ ወደ ማን እንደምታይ አላየሁም።

"አሥር ጊዜ ነው የሚመቱት ግን" አለች በመጨረሻ፣ በቀስታ። "ቆጥሬዋለሁ።"

"ድሮ ሁለት ነበር። አውቶቡሱ ሙዚቃ ጨመረ፣ እኔም ጨመርኩ። ሰውየውም እያረጀ ነው፤ ጆሮው ደክሞ ይሆናል ብዬ።"

"ሲስተር" አልኩ፣ "ጆሮውን ማዘጋጃ ቤት በየዓመቱ ያስመረምረዋል፣ ደህና ነው በይልኝ። ሁለት ምት ብቻ ቢሆንም ይሰማል። ሹፌሩንም ጠመዝማዛው ላይ ሙዚቃውን ቀንስ ይለዋል፤ ያ ሥራው ነው፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ማድረግ የነበረበት ሥራው ነው።"

"ሹፌሩን ያናግረዋል ይላሉ..." ብላ ፕራቲማ ጀመረችና ተወችው፤ ሴሩዋያ መሳቅ ጀምራ ነበር። የእህቴን ሳቅ በቅርብ ከሰማሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። አሁንም እንደ ልጅነቷ መጀመሪያ በአፍንጫዋ ነው የሚወጣው። የሥር ቅርፊት ከቀሚሷ ላይ ስታራግፍ ይሰማኛል፤ ያን እንኳን ለየሁት፣ መዳፏ ጨርቁን ሲመታ። አያቴ ከጣውላው በላይ ምን ብላ እንደነበር አሁንም አላውቅም፤ ግን ለማወቅ የነበረኝ ጥድፊያ እዚያ ደረጃ ላይ ቀርቷል።

ፕራቲማ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችና እጇን ዘረጋችልኝ። ብዕሬን ሰጠኋት። ለራሷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትንሽ አሰበች፣ አፈሩ ላይ በጣቷ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገች፣ እንደገናም ሦስተኛ ሞከረችና ራሷን ነቀነቀች። "ሁለት እተኛበታለሁ" አለች። "ሦስት አልተኛበትም።" ከዚያ ከክሷ ስር መጻፍ ጀመረች።

"ምን እየጻፈች ነው?" አለች ሴሩዋያ። ማንን እንደጠየቀች ለማወቅ አልዞርኩም። ፕራቲማ ጽፋ ጨረሰች፣ ፈረመች፣ ወረቀቱን ከፍ አድርጋ ለሁለታችንም አነበበችው፦

"አቤት ባይዋ ክሷን አንስታለች። ከእሑድ በቀር በየቀኑ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአስር ላይ፣ አውቶቡሱ ሲዞር፣ ሁለት ምት እንዲመታ ተስማምታለች።"